ሰባት ቁጥር ሚስማር

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ወጌ ልግባ፤ ኋላ መሐል ላይ ስደርስ "ይሄ ሰውዬ ምን ያስሮጠዋል?" ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ። ጅብ አልፈራም። እባብም ብዙ አልፈራም። የምፈራው የሞተ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት ሲወስዱኝ ሬሳ ካለበት ቤት ከምገባ ከከብቶቹ ጋር በረት ውስጥ መዋል ይሻለኝ ነበር። አድጌም አልተሻለኝም፤ የተሻለኝ መደበቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ በመጨረሻው የኮሌጅ ዓመቴ ከማላየው ሰው ጋር መጽሐፍ ስሻማ የከረምኩት።

ጊዜው አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሽር ጉድ የሚባልበት ነበር። አዋሳ ከላይ እስከ ታች ቀይ እየተቀባች ነበር። የቀበሌው በር ቀይ፣ የመብራቱ እንጨት ወገብ ቀይ፣ የኮሌጃችን ግንብ ቀይ። የዶርም ጓደኛዬ ከማል፣ አባቱ አዲስ ከተማ ጨርቅ የሚሸጡት፣ "እዚህ አገር አንድ ቦታ ቆመህ ብዙ አታስብ፣ አንተንም ቀብተውህ ያልፋሉ" ይለኝ ነበር። የሚለው ታዲያ በጆሮዬ ነው።

ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ፔፐር ብቻ ነበር። አማካሪዬ ዶክተር ወርቅነህ የሰጡኝ ርዕስ የአዋሳ ሐይቅ ውሃ ከዓመት ዓመት ለምን ከፍ እንደሚል ነው። ርዕሱን ስቀበል በልቤ ሳቅሁ። ሐይቁ ከግቢያችን በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ የትም አይሄድብኝም። ወርጄ አየዋለሁ፣ ከፍ ብሏል ብዬ እጽፋለሁ፣ እመረቃለሁ፣ አበቃ። በሦስት ቀን ረቂቁን ጽፌ ወሰድኩላቸው።

ዶክተር ረቂቄን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ "ከፍ ብሏል ካልክ ከየት ተነሥቶ ነው ከፍ ያለው?" አሉኝ።

"ከታች ዶክተር።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ስማ። እያንዳንዱ ቁጥር ባለቤት አለው። ማን ለካው፣ የት ለካው፣ መቼ ለካው። ባለቤት የሌለው ቁጥር እንዳታስነብበኝ። የአሥር ዓመት ልኬት ታመጣለህ፣ ተከታታይ፣ አንድ ወር ሳይዘለል። ከሌለህ ፔፐር የለህም። ፔፐር ከሌለህ ደግሞ..."

አልጨረሱትም፤ መጨረስም አላስፈለጋቸውም። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው አዋጅ አዲስ ወጥቶ የየቀበሌው ሊቀ መንበር በየቤቱ ወንድ ልጅ የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር። ተማሪ ከሆንክ ይዘሉሃል። ከኮሌጅ ከተባረርክ ግን ፀጉርህን ተላጭተህ ወደ ሰሜን ትጫናለህ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ የሐይቁን ቁጥር ፍለጋ ስወጣ ነፍሴን በእጄ ይዤ ነበር የወጣሁት።

ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። እንደገባችሁ በስተግራ ግድግዳው ላይ ሚስማሮች በረድፍ ተመትተዋል፤ ከእያንዳንዱ ሚስማር በላይ ቁጥር አለ። ማንም ተማሪ ኮቱንና ቦርሳውን እዚያ ሰቅሎ፣ የሚስማሩ ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ቆርቆሮ ይዞ ነው የሚገባው። መጽሐፍ በጃኬት ሸጉጦ እንዳይወጣ ነው ነገሩ። ሰባት ቁጥር ላይ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ጃኬት ተሰቅሎ አያለሁ። ጠዋት ስገባ አለ። ማታ ስወጣም አለ። ይሄ እንዴት ያለ ትጉህ ተማሪ ነው ብዬ እቀናበት ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜው ገብቼ አላውቅም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ጋሽ ሀሜሶ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ የሲዳማ ሰው ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ቃል ይመርጣሉ፤ የመረጡትም ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በዚያ ሰሞን ስለታሸገ እሑድ ሊዘምሩት የነበረውን መዝሙር በሌላው ቀን በመደርደሪያዎቹ መሐል በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩታል። ሰውየው የት እንደቆሙ ሳይታይ ድምፁ ብቻ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲሄድ ይሰማል።

"ጋሼ፣ ስለ ሐይቁ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር" አልኳቸው።

"ወጥቷል።"

"የትኛው?"

"የሐይቁ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም ወጥቷል።"

በሳምንቱ ተመለስኩ። ወጥቷል። በሌላው ሳምንት ተመለስኩ። ወጥቷል። "ስለ ዝናብስ የለም?" ስላቸው "ዝናብ አለ" አሉኝ። "ስለ ወንዝስ?" "ወንዝ አለ። ሐይቅ ነው የወጣው።" የዝናቡን መጽሐፍ ተውሼ ሄድኩና ሁለት ሌሊት አነበብኩት። ይዘንባል ነው የሚለው።

አራተኛው ሳምንት ላይ ጋሽ ሀሜሶ ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ አንገቴን በባንኮኒው አሻግሬ የውሰት ካርዶች ያሉበትን የእንጨት ሳጥን ጎተትኩት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ አለው፤ በላዩ የተዋሰው ሰው ስም ይጻፋል፣ የመመለሻው ቀን ይታተማል። ስለ ሐይቆች የሚናገሩ አምስት መጻሕፍት ነበሩን። አምስቱም ካርዶች ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ማቴዎስ። የአባቱንም ስም አይቻለሁ፤ ግን ዛሬም ቢሆን እዚህ ላይ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። ልማድ ነው፣ በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ይገባዋል።

ከስሙ ሥር በየሁለት ሳምንቱ የተመታ የቀን ማኅተም ነው ያለው። ታደሰ፣ ታደሰ፣ ታደሰ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ካርዱ ሲሞላ ሌላ ካርድ ተሰፍቶበታል፣ እሱም ሲሞላ ሌላ። እንደ ጋቢ ተደራርቦ ወፍሯል። የመጨረሻው ማኅተም የተመታው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ቀለሙ ገና ጥቁር ነበር። ሳጥኑን መልሼ ደሜ እየፈላ ወጣሁ። እኔ ሰሜን ልላክ ነው፣ አንድ ራስ ወዳድ አምስት መጽሐፍ ታቅፎ ይተኛል።

ጋሽ ሀሜሶን እንዳልጠይቅ ሳጥናቸውን መበርበሬ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ ትልቅ ወረቀት ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ "ለተማሪ ማቴዎስ። የሐይቅ መጻሕፍትን ለብቻህ ይዘህ መቀመጥህ ጓዳዊ ሥነ ምግባር አይደለም። በአስቸኳይ መልስ። አለዚያ ለሚመለከተው ክፍል አመለክታለሁ።" የአባቱንም ስም በጉልህ ጨመርኩበት። ከሥሩ የዶርሜን ቁጥር አኑሬ በዋናው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከውይይት ክበብ የቀሪዎች ዝርዝር አጠገብ፣ በአራት መርፌ ወጥሬ ለጠፍኩት። እጄን አራግፌ ሄድኩ።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ስቀመጥ የጠረጴዛው ሰው አንድ በአንድ ተነሣ። አንዱ ሆዴን አለ፣ አንዱ ላብራቶሪ አለብኝ አለ፣ አንዱ ምንም ሳይል ዳቦውን ጥሎ ሄደ። ዳቦውን በላሁለት። በማግስቱ ስድስት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ለብቻዬ ሆነ። ሰላምታዬን ተቀብለው የማያውቁ አንድ መምህር ከሩቅ ባርኔጣቸውን አንሥተው "ደህና አደርክ ጓድ" አሉኝ። ሻወር ቤት ስገባ የሚያፏጨው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ውሃው ብቻ ይንጠባጠባል። እኔ ቂሉ ፔፐሬ ሊያልቅ መሆኑን ሰምተው አክብረውኝ ነው ብዬ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ከማል በጠራራ ፀሐይ የዶርሙን መስኮት ዘጋና ራዲዮውን ከፍ አደረገ።

"ማነው ያዘዘህ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ማስታወቂያውን። ማን ለጥፍ አለህ?"

"ማን ያዘኛል? ለፔፐሬ ነው። መጽሐፍ የሚያንቅ ሰው ነው አላስነብብ ያለኝ።"

ከማል ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየ። ውሸት ሲያጣበት አልጋው ላይ ቁጭ አለ። "ትልቁ ወንድሜ እዚህ ሲማር አብሮት ይማር ነበር" አለኝ። "ማቴዎስን አንድ ጠዋት ከላይብረሪ ጠሩት። ውጭ ላንድሮቨር ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለም።"

"የለም ማለት?"

"የለም ማለት የለም ነዋ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ድንኳን ልትተክል ብትል ከለከሏት። የምታለቅሺለት የለም አሏት።"

"ከማል" አልኩት፣ "ይሄ ልጅ እኮ በዚሁ ሳምንት አምስት መጽሐፍ አሳድሷል። ማኅተሙን በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከማል ቢስሚላህ ብሎ ተነሣና አልጋውን ከአልጋዬ አርቆ ወደ በሩ ገፋው። እኔ ማስታወቂያውን ልገነጥል ወደ ሰሌዳው ሮጥኩ። ወረቀቱ የለም። አራቱ መርፌዎች ግን በየቦታቸው፣ በአራት ማዕዘን፣ ተመልሰው ተሰክተዋል። የቀደደው ሰው የቸኮለ አይመስልም።

ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት መግባት ቀረ። ቀን በፀሐይ እንኳ በበሩ ሳልፍ ያ የአፍንጫ መዝሙር ከተሰማኝ ወደ ሌላው መንገድ እሻገራለሁ። ነገር ግን በአንድ በኩል ሙት፣ በሌላው በኩል ሰሜን። ሁለቱን በሚዛን ሳስቀምጥ ሰለቸኝና ሦስተኛ መንገድ ፈለግኩ። መሐል ከተማ የሐይቁን ልኬት የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት አለ አሉኝ።

ቢሮው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሹራብ እየሠሩ ተቀምጠዋል። መዝገቡን አውጥተው ሰጡኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየወሩ ተሞልተዋል። ቀጥሎ ገጹ ባዶ ነው። ብገልጥ ባዶ፣ ብገልጥ ባዶ። የወራቱ ስም ብቻ በቀይ መስመር ተጽፎ ይጠብቃል።

"እትዬ፣ ለኪው የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ያኔ ብዙ ሰው ሄዷል" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሹራባቸው ሳያነሡ። ጥቂት ዙር ጨመሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሐይቁን ግን የሚለካ አለ ይላሉ ዓሣ አጥማጆቹ። ቡሹሎ ሳትደርስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሾላ አለልህ፣ እዚያ ላይ ምልክት አለ ይላሉ። እኔ አላየሁትም። ላየውም አልፈልግ።"

ቅዳሜ ማለዳ ጋሪ ተሳፍሬ ወረድኩ። ባለጋሪው ከዳር አድርሶኝ ፈረሱ ጭቃ አይወድም ብሎ ተመለሰ። ሾላውን ለማየት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ድሮ መሬት ላይ የበቀለ ዛፍ ነበር፤ ሐይቁ መጥቶ ከቦታል። ቅጠል የለውም። በደረቁ ቅርንጫፎች ላይ አባ ኮዳዎች ተደርድረው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ወደ ታች ያዩኛል። ከመካከላቸው አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ሱሪዬን ጠቅልዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ፤ ጫማ ያላወለቅሁት ለመሮጥ እንዲመቸኝ ነው።

ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ጎንበስ ስል ምልክቶቹን ከውሃው ሥር አየኋቸው። በቢላ የተቀረጹ አግዳሚ ጭረቶች ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ወርና ዓመት አለ። ከሥሩ ጀምረው አንዱ በአንዱ ላይ እየወጡ፣ አንዳንዴ ዝቅ እያሉ፣ ወደ እኔ ይመጣሉ። ማቴዎስ የተወሰደበትን ዓመት በጣቴ ፈለግሁ። አገኘሁት። ጭረቶቹ እዚያ ላይ አላቆሙም። ቀጠሉ። ወደ ውሃው ፊት ሲቃረቡ በቢላ መሆናቸው ቀርቶ በቀይ ቀለም ሆኑ። የመጨረሻው ልክ ከውሃው ጠርዝ ላይ ነው። ነካሁት። ጣቴ ቀላ።

"አሁን ገና ሄደ" አለኝ አንድ ሰው ከጀርባዬ።

ዘልዬ ሾላውን አቀፍኩት። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡን እየፈታ በተሰባበረ አማርኛ፣ ልጁን ፈልገህ እንደሆን አሁን ሄደ፣ መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም ወይ አለኝ።

"የትኛው ልጅ?"

"የኮሌጅ ልጅ። ቡናማ ጃኬት ያለው። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። ይለካል፣ ይሄዳል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዱሮ። ትልቁ ልጄ ሳይወለድ። ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።"

"ፊቱን አይተኸዋል?"

መረቡን ጭኑ ላይ አኖረና አሰበ። "ዱሮ ይስቅ ነበር" አለኝ። "ከሩቅ ይጣራ ነበር። ዓሣ እንሰጠው ነበር። አሁን ጀርባውን ነው የምናየው። ብንጠራው አይዞርም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። መሮጤን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ግራ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኛል። አባ ኮዳዎቹ በአንድ ጊዜ ሲነሡ ክንፋቸው በራሴ ላይ ተሰማኝ። ከተማ ስደርስ ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። ልቤ ግን አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቡናማ ጃኬት። እኔ ያን ጃኬት አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የቀናሁበት ጃኬት ነው። ሚስማሩ ላይ ደረቅ ሆኖ ካገኘሁት የሐይቁ ሰው ሌላ ሰው ነው፣ እኔም በሰላም እተኛለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነበር። ሰባት ቁጥር ላይ ጃኬቱ ተሰቅሏል። ከግርጌው ውሃ ይንጠባጠባል። ሲሚንቶው ላይ ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። የእጅጌው ጫፍ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ያ መዝሙር ጀመረ፣ ወደ እኔም መምጣት ጀመረ።

ወደ ኋላ ስሸሽ በጀርባዬ የካታሎጉን ቁም ሣጥን መታሁት። መሳቢያዎቹ ተከታትለው ወረዱ። የኮሌጁ እውቀት ካርድ በካርድ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ እኔም በላዩ ተቀመጥኩበት። አፌ ብቻውን ነበር የሚናገረው። "ማቴዎስ፣ መጽሐፉን አልፈልግም" እላለሁ። "ያዘው። አንተ ጋ ይቆይ። ማስታወቂያውን አላውቅም ነበር፣ አባቴ ይሙት አላውቅም ነበር።"

መዝሙሩ ቆመ። ጋሽ ሀሜሶ በባዶ እግራቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ብቅ አሉ። ካርዶቹን አዩ። እኔን አዩ። "ሁለት ዓመት ነው የደረደርኩት" አሉ በሐዘን። ከዚያ "አንዱ ጫማህስ?" አሉኝ።

"ሐይቁ ውስጥ ነው ጋሼ።"

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። እግሬን አዩ፣ ቀይ ጣቴን አዩ፣ ጃኬቱን አዩ። ሄደው በሩን በመቀርቀሪያ ዘጉትና ተመልሰው አጠገቤ ተንበረከኩ። ካርድ መልቀም ጀመሩ። እኔም መልቀም ጀመርኩ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ቀይ ቀለም አለ። ሙት ጥፍሩን አያጸዳም ብዬ ሳስብ ደግሞ የሰው ትንፋሻቸው ተሰማኝና ትንሽ ተረጋጋሁ።

"ማስታወቂያህን እኔ ነኝ ያነሣሁት" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከካርዶቹ ሳያነሡ።

"ሰው ሳያየው?"

"ሰውማ አይቶታል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ይህ ልጅ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። ታዲያ መጽሐፍ እንዴት ይዋሳል አሉኝ። አንድ ልጅ የድሮ ካርድ አይቶ ተሳስቶ ነው አልኩ። የውሰት ካርድ አምጣ አሉኝ።"

"አመጡላቸው?"

"የዝናቡን አመጣሁ። ዝናብ ማንም አይዋስም፣ ንጹሕ ነው። ያለው ስም ያንተ ብቻ ነው። አይተው ሄዱ።"

የያዝኳቸው ካርዶች ከእጄ ወደቁ። እኔ ስድስት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ላይ የሰው ዳቦ ስበላ፣ እኚህ ሰውዬ እዚህ በአንድ የዝናብ ካርድ ሕይወታቸውን ሲያተርፉ ነበር። አፈርኩ። ከፍርሃቴም የባሰ አፈርኩ።

"ጋሼ፣ ለምንድነው የሚያድሱለት?"

"ሕጉን ታውቀዋለህ" አሉኝ። "ሁለት ሳምንት ካለፈ መጽሐፍ ይመለሳል ወይም ይታደሳል። ካልታደሰ የሰውየውን ካርድ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ ለሬጅስትራር እጽፋለሁ፤ ይህ ተማሪ ከእንግዲህ የለም ብዬ እፈርማለሁ።" አንድ ካርድ ከጫማዬ ሥር መዘው አቧራውን ጠረጉት። "የት እንዳደረሱት ማንም አላሳየኝም። እኔ ምን አይቼ ልፈርም?"

ካርዱን ወደ መሳቢያው መለሱና ቀጠሉ። "የሐይቁ ለኪ ሲቀር ጊዜ፣ ልጁ በራሱ መለካት ጀመረ። የጠሩት ቀን እዚህ ሲያነብ ነበር። ጃኬቱን ላውርድልህ አልኩት። አሁን እመለሳለሁ አለ። 'ጋሼ፣ ከቆየሁ መጻሕፍቱን ያድሱልኝ። ቅዳሜ ሐይቁን ይለኩልኝ። አንድ ወር ከተዘለለ ዋጋ የለውም። መጣሁ' አለኝ። መጣሁ ነው ያለኝ።"

"ጃኬቱንስ ለምን ይለብሱታል?"

"ብል እንዳይበላው።" አንድ ሙሉ መሳቢያ ሞሉ። "ደግሞ ሰው ከሩቅ ቢያይ ሀሜሶ ነው አይልም። ልጁ ነው ይላል። ልጁን ደግሞ ከእንግዲህ ምን ያደርጉታል?"

ካርዶቹን ለቅመን ስንጨርስ የጠረጴዛቸውን የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱት። አምስቱ የሐይቅ መጻሕፍት አንድ ቀን ያልወጡ መስለው ተደራርበዋል። ከሥራቸው አንድ ደብተር አወጡ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በጋደለና በፈጣን ጽሕፈት ተሞልተዋል። ከዚያ በአንድ ገጽ መሐል ጽሕፈቱ ይለወጣል፤ ክብ ክብ፣ ቀስ ያለ፣ እየተጠነቀቀ የሚጽፍ እጅ ይሆናል። ወሮቹ ግን ተያይዘዋል። አንድም አልተዘለለም። ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሦስት ዓመት ጋር ሲገጠም አሥር ዓመት ሞላ። ቀዩ ቀለም የየት ነው ብዬ ስጠይቃቸው ለበዓሉ ግንቡን ቀቡ ተብለው ከተሰጣቸው የተረፈ ነው አሉኝ።

"የእኔን ስም እንዳትጽፍ" አሉኝ ደብተሩን ሲሰጡኝ።

"ጋሼ፣ ዶክተር ባለቤት የሌለው ቁጥር አይቀበሉም።"

"ባለቤት አለው" አሉኝ።

ፔፐሩን ጽፌ ስጨርስ የዋቢዎቹ ዝርዝር ላይ ሦስት ቀን ቆሜአለሁ። ዓሣ አጥማጆች ብዬ ልጻፍ? ያልታወቀ ሰው ብዬ ልጻፍ? መጨረሻ ላይ የማቴዎስን ስም ከነአባቱ ጻፍኩት። "ያልታተመ የልኬት ማስታወሻ" አልኩና ከተጀመረበት ወር እስከ ባለፈው ወር ብዬ ዘጋሁ። መስመሩ ትንሽ ጠምሟል። እንደኔ ላለ ሰው ያ መስመር ብዙ ነው።

ዶክተር ወርቅነህ ፔፐሩን ፊቴ አነበቡት። ሠንጠረዦቹን አለፉ፣ ግራፉን አለፉ። ዋቢው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። በሩ መዘጋቱን ቀና ብለው አዩ።

"እስከ ባለፈው ወር ድረስ ለክቷል?" አሉኝ።

"ለክቷል ዶክተር።"

"አይተሃል?"

"ምልክቱን አይቻለሁ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።"

መነጽራቸውን አወለቁና ንጹሑን መስታወት በክራባታቸው ወለወሉ። "ተማሪዬ ነበር" አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው። "ያስቸግረኝ ነበር። ሁልጊዜ ቁጥር ይዞ ይመጣል።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ እየለካ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው።" ከዚያ ወደ ፔፐሩ ተመለሱ። "ይህን ከእኔና ከቤተ መጻሕፍቱ ሹም በቀር የሚያነበው የለም። ከስሙ በኋላ ነጥብ ረስተሃል፣ አስገባ" አሉኝና ፈረሙ።

ተመረቅሁ። ምደባዬ ወጣ። ከማልም አልጋውን ወደ ቦታው መልሶ ለምረቃዬ ጫማውን አዋሰኝ። ከግቢው ለመውጣት የቀረኝ ክሊራንስ ነበር፤ ከሁሉም ክፍል ዕዳ የለበትም የሚል ማኅተም። ጋሽ ሀሜሶ የዝናቡን መጽሐፍ ተቀበሉኝ፣ ገለባበጡት፣ ካርዴን ዘጉት። ማኅተሙን ሲመቱ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

"ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት ፔፐሬን አንዴ ብቻ ልየው" አልኳቸው። ከትናንት በስቲያ ነበር ተጠርዞ መደርደሪያ የገባው።

"ወጥቷል" አሉኝ።

"በሁለት ቀን? ማን ወሰደው?"

ከእንጨት ሳጥኑ አዲስ ካርድ መዘው ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝ። የእኔ ፔፐር የመጀመሪያ ተዋሽ። ስሙን አነበብኩት፣ የአባቱንም ስም አነበብኩት። ዞር ስል ሰባት ቁጥር ሚስማር ባዶ ነው። ጋሽ ሀሜሶ የለበሱት የራሳቸውን ግራጫ ኮት ነው። ጃኬቱ የት እንዳለ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው ሚስማሩን አዩት። የሚገርመው ግን አልፈራሁም።

"ሁለት ሳምንት ነው የሰጠሁት" አሉኝ ጋሽ ሀሜሶ።

"ግድ የለም ጋሼ" አልኳቸው። "ካልጨረሰ ያድሱለት።"